ለንግድ ቤት ፕሮግራም የአሠራር መግለጫ መሣሪያ እንዴት ይመረጣል?

አንድ የንግድ ቤት የዕቃና የሒሳብ መቆጣጠሪያ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲያሠራ ዋጋውንና የሚያልቅበትን ቀን አጥብቆ ይዋዋላል። የአሠራር መግለጫው ግን በምን መሣሪያ እንደሚጻፍና በማን እጅ እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ነጋዴ ጥቂት ነው። ሠሪው ወደ ሌላ ሥራ በሄደ ጊዜ የቀረጥ ስሌቱ በየትኛው ስፍራ እንደሚለወጥ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል፤ ባለገንዘቡም አንድ ጊዜ የከፈለበትን ሥራ እንደገና ለማሠራት ይገደዳል። ስለዚህ የመሣሪያውን አመራረጥ ከዚህ በታች ባጭሩ እናስረዳለን።

የታወቁት መሣሪያዎች አራት ዓይነት ናቸው።

1ኛ/ ተራ ሰነድ፤ ይኸውም እንደ ወርድ ባለ ፕሮግራም የሚጻፈው ነው። ማንኛውም ጸሐፊ ይችለዋል። ጉዳቱ ግልባጩ በየጠረጴዛው እየበዛ የመጨረሻው የትኛው እንደ ሆነ አለመታወቁ ነው።

2ኛ/ ዊኪ፤ ይህን ዘዴ አሜሪካዊው ዋርድ ከኒንግሃም በ1995 እ.ኤ.አ. ጀመረው። አንዱን ገጽ ብዙ ሰዎች ሊያርሙት ይችላሉ፤ በዛሬዎቹ ዊኪዎችም ማን መቼ እንዳረመው ይመዘገባል። ለሱቅና ለመጋዘን ሠራተኛ ይስማማል። ነገር ግን ኀላፊ ካልተመደበለት ፕሮግራሙ ሲለወጥ ገጹ እንዳረጀ ይቀራል።

3ኛ/ ከፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ ጋር አብሮ የሚቀመጥ መግለጫ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው በማርክዳውን ሥርዓት ይጻፋል፤ ወይም በ2008 እ.ኤ.አ. ለፓይተን ቋንቋ መግለጫ በተሠራው በስፊንክስ ይዘጋጃል። ፕሮግራሙና መግለጫው በጊት አንድነት ሲመዘገቡ የሁለቱም ለውጥ ጎን ለጎን ይታያል። ጽሑፉም ተራ ፊደል ስለ ሆነ መሣሪያው ቢጠፋ እንኳ ይነበባል። ይሁን እንጂ ለመጻፍ ባለሙያ ያሻዋል።

4ኛ/ ከምንጩ ጽሑፍ ውስጥ መግለጫውን ለቅሞ የሚያወጣ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው ዶክሲጅን የዚህ ወገን ነው። ለፕሮግራም ሠሪ እጅግ ይጠቅማል፤ ለገንዘብ ተቀባይ ግን ደረሰኝ እንዴት እንደሚሰረዝ አይነግረውም።

እንግዲህ መራጩ አስቀድሞ መግለጫውን ማን እንደሚያነበውና ማን እንደሚያድሰው ይወስን። ለብዙው የንግድ ቤት ሁለት መግለጫ ይበጃል፤ ለሠራተኞች በዊኪ፣ ለተተኪው ባለሙያ ከምንጩ ጋር በተራ ጽሑፍ የተቀመጠ።

በአማርኛ ለሚሠራ ደግሞ ሁለት ነገር ይታሰብ። የኢትዮጵያ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ፣ መሣሪያው ፊደሉን በትክክል ማሳየቱና ማተሙ ይፈተን። እንዲሁም «ሥራ» ተብሎ የተጻፈውን «ስራ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ አያገኘውም፤ ስለዚህ የቃላቱ አጻጻፍ ከመጀመሪያው አንድ ዓይነት ይሁን። ቀኑም በየትኛው የዘመን አቈጣጠር እንደ ሆነ ይገለጥ።

ከመወሰን በፊት ፈተናው ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙን አይቶት የማያውቅ ሠራተኛ መግለጫውን ብቻ ይዞ የአንድ ወር ሒሳብ ይዝጋ። የተደናቀፈበት ስፍራ ሁሉ መታረም ያለበት ስፍራ ነው።

በመጨረሻም በውሉ ላይ ይህ ይጻፍ፦ መግለጫው ከፕሮግራሙ ጋር አንድነት እንዲያስረክብ፣ ያለ ሠሪው የይለፍ ቃል የሚከፈት እንዲሆን፣ የመጨረሻው ክፍያም ከዚህ ርክክብ በኋላ እንዲፈጸም። ይህን ያደረገ ነጋዴ ሠሪው ቢለወጥ ሥራው አይቆምበትም።