አሮጌውን የቫልቭ ሬዲዮ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት

በዚህ እትም ትምህርታችን ትራንዚስተር ከመምጣቱ በፊት ይሠሩ ስለነበሩት የቫልቭ ሬዲዮዎች እንመለከታለን። ቫልቭ ስንል ቆጣሪ ላይ ያለውን ቫልቮላ ማለታችን አይደለም፤ ሬዲዮው ውስጥ ቆመው የሚግሉትን የመስታወት ቱቦዎች ነው።

እንዲህ ያለ ሬዲዮ ሲገኝ ሰው ሁሉ ድምፁን ለመስማት ይቸኩላል። ነገር ግን ለዓመታት የተቀመጠ ሬዲዮ በቀጥታ አይሰካም። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች በዕድሜ ይበላሻሉ፤ በዚያ ላይ 240 ቮልት ሲለቀቅበት ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ቤታችን ደግሞ ሸራና እንጨት ነው።

ሶኬቱ ተነቅሏል ብላችሁም አትዘናጉ። ካፓሲተሩ ከ200 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለሆነም ክዳኑን የሚከፍተው ሙያውን የሚያውቅ አዋቂ ብቻ ነው። እርሱም በቴስተር ይለካል፣ በሬዚስተር ያፈስሳል፣ እንደገና ይለካል። በካቻቢቴ አገናኝቶ ማፈንዳት የአንዳንድ ሠራተኞች ልማድ ቢሆንም እኔ አልደግፈውም፤ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል።

የቫልቮቹን ጽሑፍም አንብቡ። በአውሮፓ ሬዲዮዎች የቫልቮቹ ስም «ዩ» በሚለው የላቲን ፊደል የሚጀምር ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሻሲው (የውስጡ ብረት) ከመስመሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። መዞሪያው የወለቀበትን ባዶ ብረት የነካ ልጅ መስመሩን እንደነካ ይቆጠራል።

ክፍል ውስጥ የተማራችሁት የሲሪየስ ግንኙነት የሚጠቅመው አሁን ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ ከጀርባ ያለውን የቮልት መምረጫ ያያል፤ 110 ላይ ከሆነ ያስተካክለዋል። ከዚያም በማስረዘሚያ ገመድ ላይ፣ በፌዙ ሽቦ መሐል፣ 60 ሻማ አምፖል ያስገባል። አምፖሉ ክር ያለው የድሮው ዓይነት መሆን አለበት፤ ኤል.ኢ.ዲ. አይሆንም። 60 ዋት ለ240 ቮልት ሲካፈል 0.25 አምፔር ነው። ሬዲዮው ውስጥ ሽቦ ከሽቦ ቢገናኝ እንኳ ከዚህ በላይ አያልፍም።

ሲበራ አምፖሉ ለአፍታ ደምቆ ከደበዘዘ ደኅና ነው። እንደደመቀ ከቀረ ወዲያው ይነቀል። ጭስ ወይም የመቃጠል ሽታ ከመጣም እንዲሁ። ድንገት ሰው ቢይዘው ሰውየውን አትንኩት፤ መጀመሪያ ኃይሉን አጥፉ።

ቫልቮቹ እስኪግሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ዝም ስላለ መዞሪያውን አታጣሙ። በአምፖሉ ምክንያት ድምፁ ደካማ ነው። ጣቢያው ሲለወጥ የማይለወጥ «እምም» የሚል ጉርምርምታ ከተሰማ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀው ትልቁ ካፓሲተር ነው። እርሱ ሳይለወጥ አምፖሉ አይነሳ።