ስለ ጠንካራ ውሃ፤ ከእንጦጦ ምንጭ እስከ ድሬዳዋ ቧንቧ

ለአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለባለይዞታዎችና ለወረዳ ሹማምንት የተዘጋጀ ትምህርት

ውሃ ሁሉ ለዐይን አንድ ይመስላል፤ ጠባዩ ግን እንደሚያልፍበት ድንጋይ ይለያያል። ይህን ያልተረዳ ሹም ሕዝቡ ስለ ውሃው ሲጮህ አቤቱታውን እንደ ልማድ ማጕረምረም ይቈጥረዋል፤ አለዚያም ያለ ምክንያት ደንግጦ የመንግሥትን ገንዘብ በማይገባው ነገር ላይ ያፈሳል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

1ኛ፤ የጠንካራ ውሃ መነሻ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ተራራው የተሠራው ከእሳተ ገሞራ በወጣ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በውሃ ቶሎ አይሟሟምና ከግርጌው የሚፈልቀው ምንጭ ለስላሳ ነው፤ ጥቂት ሳሙና ብዙ አረፋ ያወጣበታል።

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረችው ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደረቅ ቆላ ላይ ናት። ሕዝቧ የሚጠጣው በሳቢያንና በሌላውም ስፍራ ከተቈፈሩ ጕድጓዶች የሚወጣውን የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በዙሪያዋ የኖራ ድንጋይ በብዛት አለ። ዝናም ሲወርድ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀበልና ጥቂት ኮምጣጣነት ያገኛል፤ በዚህም ኃይል የኖራውን ድንጋይ እያሟሟ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል። ጠንካራ ውሃ የሚባለው ይህ ነው። የመቀሌም የጕድጓድ ውሃ በዚሁ ምክንያት ጠንካራ ነው።

ሊቃውንት ጥንካሬውን በካልሲየም ካርቦኔት ሚዛን ይለኩታል። በ1 ሊትር ውስጥ እስከ 60 ሚሊግራም ያለበት ለስላሳ፥ እስከ 120 መካከለኛ፥ እስከ 180 ጠንካራ፥ ከ180 በላይ ያለበት እጅግ ጠንካራ ይባላል።

2ኛ፤ በቤተ ሰብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው፥ የዚህ ውሃ ጉዳት በአንድ ቀን አይታይም። ካልሲየሙ ሳሙናውን ይይዝና ወደ ነጭ እድፍ ይለውጠዋል፤ እስኪጠግብም ድረስ አረፋ አይወጣም። ለምሳሌ በ1 ሊትር 300 ሚሊግራም ያለበት ውሃ ቢሆን፥ በ20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ 6 ግራም ይገኛል። ይህ 6 ግራም አንዳች እድፍ ሳያነጻ 36 ግራም ያህል ሳሙና ያጠፋል። ልጆች ያሏት ድኻ እናት በሳምንት ስንት ጀሪካን እንደምታጥብ የሚያስብ ሰው ይህ ያልታወጀ ግብር መሆኑን ያስተውላል። ነጠላውም ይሻክራል፥ ንጣቱም ይደበዝዛል።

ውሃው ሲፈላ ኖራው ይረጋና በበራድና በድስት ላይ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ሙቀትን ስለሚከላከል ከሰልና ማገዶ ይባክናል። ባቄላና ሽምብራ በዚህ ውሃ ሲቀቀሉ ለመብሰል ይዘገያሉ። የቧንቧውም ውስጥ ከዓመት ወደ ዓመት ይጠባል።

3ኛ፤ ስለ ጤና

ብዙ ሰው ይህ ውሃ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል ብሎ ይፈራል፤ ነገር ግን ይህ በምርምር አልጸናም። የዓለም ጤና ድርጅትም ስለ ጤና ሲባል ለውሃ ጥንካሬ የወሰነው ልክ የለም። በሞቃት አገር ጠጠርን የሚያበዛው ይልቁን ውሃ ጥቂት መጠጣት ነው፤ ስለዚህ ሕዝቡ ፈርቶ መጠጣቱን እንዳይቀንስ መምከር ያሻል። እውነተኛው አደጋ ከመጸዳጃ ጕድጓድ ወደ ውሃው የሚሰርገው ናይትሬትና ተሐዋስያን ነው። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያስወግድም።

4ኛ፤ ስለ መፍትሔው

ውሃውን ለመፈተን በጠርሙስ ጥቂት ሳሙና ጨምሮ መናጥ ይበቃል፤ አረፋው ቶሎ ጠፍቶ ውሃው ከደፈረሰ ጠንካራ ነው። አፍልቶ ማስጠለል የጥንካሬውን ከፊል ያወርዳል። የበራድ ቅርፊት በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ ይለቃል። ለልብስ እጥበት ሶዲየም ካርቦኔት የተባለውን ሶዳ አስቀድሞ ውሃው ውስጥ መጨመር ሳሙናን ያድናል። ከቈርቈሮ ክዳን የተጠራቀመ የዝናም ውሃ ለስላሳ ስለ ሆነ ለእጥበት እጅግ ይመቻል። በደጋ የሚበቅለው እንዶድም አረፋው እንደ ሳሙና በኖራ አይረጋምና ነጠላ ያነጻል፤ ሆኖም ቀንድ አውጣንና ዓሣን ስለሚገድል እጣቢው ወደ ወንዝ አይፈስስም።

በጨው የሚሠራ የውሃ ማለስለሻ መሣሪያ ካልሲየሙን ወስዶ በምትኩ ሶዲየም ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ውሃ ለመንደሪን ወይም ለፓፓያ ተክል ማጠጣት አፈሩን ያበላሻል። ለአትክልት ጠንካራው ውሃ ራሱ ይሻላል፤ ብቻ የጠብታ መስኖ ቀዳዳዎች በኖራ እንዳይደፈኑ በየጊዜው ይጠረጉ።

5ኛ፤ የሹማምንት ተግባር

አዲስ ጕድጓድ ሲቈፈር ቧንቧ ከመዘርጋቱ አስቀድሞ ውሃው ይመርመር፤ ውጤቱም ለሕዝቡ በግልጽ ይነገር። መጸዳጃ ከውሃ ጕድጓድ እንዲርቅ ይደረግ። በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ክዳን የዝናም ውሃ ማጠራቀሚያ ይሠራ። ገንዘብ ጥቂት በሆነ ጊዜ ውሃን ከማለስለስ ይልቅ ከብክለት መጠበቅ ይቅደም፤ ኖራው ሳሙናንና ከሰልን ይበላል፥ ብክለቱ ግን ሕፃናትን ይገድላልና። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሹም የድኻውን ኪስም ሕይወትም ያድናል።