የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ትምህርትና የሕዝብ ድጋፍ፤ ከየካ ተራራ የሚገኝ ልምድ

ድርቅ በዝናብ እጥረት ይጀምር እንጂ ጉዳቱ የሚከፋው ደኑ ተመንጥሮ፣ አፈሩ ታጥቦ በቆየ አገር ላይ ነው። በመሆኑም የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ትምህርት ከእርዳታና ከማቋቋም ሥራ ተነጥሎ ሊታይ አይገባውም። ትምህርቱ የሕዝብን ድጋፍ የሚያገኘው በምን ሁኔታ እንደሆነ ለመረዳት ከቦሌ በስተሰሜን የሚታየውን የየካ ተራራ መመልከት ይጠቅማል።

አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ በመመናመኑ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ግን ከተማዋን በስፍራዋ አጸናት። ባሕር ዛፍ በሰፊው ሊተከል የቻለው ፈጥኖ አድጎ ማገዶና ምሰሶ ስለሚሆን፣ ጥቅሙም በዓይን ስለሚታይ ነው።

ከጊዜ በኋላ የየካና የኮተቤ ዳገት ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው በጀርባቸው ተሸክመው ለሚሸጡ ድኻ ሴቶች መተዳደሪያ ሆነ። ቅጠሉ ተጠርጎ የተራቆተ አፈር በክረምት ጎርፍ በቀላሉ ይታጠባል። ይሁንና ለእነዚህ ሴቶች ሌላ መተዳደሪያ ሳይታሰብ «ዛፉን አትንኩ» ብሎ ማስተማር የዕለት እንጀራን ከመከልከል ተለይቶ አይታይም።

በገጠርም የታየው ከዚህ የራቀ አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. ረሀብ ወዲህ በተስፋፋው የምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ገበሬው በቀን 3 ኪሎ ግራም ስንዴና 120 ግራም ዘይት እየተቀበለ እርከን ሠራ፤ ችግኝ ተከለ። ነገር ግን ዛፉ የማን እንደሚሆን፣ ከተከለለው ኮረብታ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ በግልጽ አልተወሰነለትም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሥርዓት ከታወጀና በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በብዙ ስፍራ ዛፉ ተቆረጠ፤ እርከኑም ፈረሰ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከሰሜኑ ክፍል ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የተወሰደው ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰፋሪም ለእርሻና ለቤት መሥሪያ ደን መመንጠሩ አልቀረም።

ከዚህ የሚገኙት ትምህርቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ትምህርቱ ከባለጉዳዩ ኑሮ መነሣት አለበት፤ ለማገዶ ተሸካሚዋ በቅድሚያ የሚነገራት ስለ ደን ክብር ሳይሆን ማገዶ ቆጣቢ ስለሆነ ምድጃና ስለ ሌላ የገቢ ምንጭ ሊሆን ይገባል። ሁለተኛ፣ የመጠቀም መብት ከአካፋና ከችግኝ በፊት መወሰን ይኖርበታል። ሦስተኛ፣ ውጤት የሚለካው በተተከለው ሳይሆን በጸደቀው ነው። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ሲገለጽ የሕዝቡ ተነሣሽነት ታይቷል፤ ችግኙን ከከብትና ከምሳር የሚጠብቀው ግን በአካባቢው የሚኖረው ሰው ነው።

ስለዚህ የእርዳታም ሆነ የልማት ሠራተኛ ወደ ዳገቱ ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ በዳገቱ የሚተዳደረውን ሰው ጠይቆ መረዳት ተቀዳሚ ተግባሩ ነው።