ትምህርት ስድስት፦ የልጅ መዳፍ አሻራ ለራቀ ዘመድ

የትምህርቱ ዓላማ

ወላጆችና አሳዳጊዎች ከዚህ ትምህርት በኋላ፦
• የልጅ መዳፍ አሻራ ያለበትን ጌጥ ከዱቄትና ከጨው በቤት ውስጥ በጥንቃቄ ማዘጋጀት፣
• ሥራውን የእጅ መታጠብ ልምምድ ማድረግ፣
• ከሚወደው ሰው የተለየ ልጅ የመለየቱን ምክንያት እንዲረዳ ማገዝ ይችላሉ።

መግቢያ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ከሦስት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ልጆች ከትምህርት ገበታቸው ብቻ ሳይሆን ከአያቶቻቸው ቤትም ራቁ። በሽታው በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ስለሚበረታ ርቀቱ በዚያን ጊዜ አስፈላጊ ነበር፤ ትንሽ ልጅ ግን ይህን በራሱ አይረዳውም። አያቱን እንዳይስም የተከለከለ ልጅ «አጥፍቼ ይሆን?» ብሎ ራሱን ሊወቅስ ይችላል። ስለዚህ ክልከላው ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ ፍቅሩን የሚገልጽበት ሌላ መንገድ ሊከፈትለት ይገባል። በእንቁጣጣሽ ልጆች አበባ ሥለው ለዘመድና ለጎረቤት ማበርከታቸው የታወቀ ልማድ ነው። የመዳፍ አሻራም እንዲሁ ከልጅ እጅ የሚወጣ ስጦታ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

2 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ ደቃቅ ጨው፣ እስከ 1 ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ፣ መዳመጫ ወይም ለስላሳ ጠርሙስ፣ እስክሪብቶ፣ ጥብጣብ ወይም ክር። ለአንድ ልጅ የዚህ ልኬት ግማሽ ይበቃል። ዱቄቱ ለዕለት ጉርስ በሚፈለግበት ቤት የልጁን መዳፍ በወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ መሣል ያንኑ ዓላማ ያሟላል።

አሠራር

1. ልጁና የሚረዳው አዋቂ እጃቸውን በሳሙናና በውኃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠባሉ። መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሐል፣ አውራ ጣትና የጥፍር ጫፍ በየተራ ይታሻሉ። በአሻራው ላይ የሚታየው እያንዳንዱ የእጅ ክፍል መታጠብ እንዳለበት ለልጁ በዚህ ጊዜ ይነገረዋል።
2. ዱቄቱና ጨው በደረቁ ይደባለቃሉ፤ ውኃው ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ሊጡ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተውና እስኪለሰልስ ይታሻል።
3. ሊጡ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው ይዳመጣል። ከዚህ ከሳሳ ይሰበራል፤ ከወፈረም ውስጡ ቶሎ አይደርቅም።
4. የልጁ መዳፍ ተዘርግቶ በሊጡ ላይ ያርፋል። አዋቂው የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ በቀስታ ይጫናል፤ ከዚያም እጁ ወደ ጎን ሳይንሸራተት ቀጥ ብሎ ይነሣል።
5. ሊጡ ሳይደርቅ በላይኛው ጫፍ በእስክሪብቶ ይበሳል፤ የልጁ ስምና ቀኑ በክብሪት እንጨት ይጻፋሉ።
6. ጌጡ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ በየቀኑ እየተገለበጠ፣ ለተከታታይ ቀናት ይደርቃል። ምድጃ ባለበት ቤት በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ማድረቅ ይቻላል፤ ይህ የአዋቂ ሥራ ብቻ ነው።
7. ከደረቀ በኋላ በውኃ ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ ሲደርቅም ጥብጣብ ይገባለታል። ጨው እርጥበት ስለሚስብ በክረምት ወራት ጌጡ ከወጥ ቤት እንፋሎት ርቆ ይሰቀል።

ጥንቃቄዎች

ሊጡ ዳቦ ቢመስልም አይበላም። በውስጡ ያለው ብዙ ጨው ለሕፃን ከባድ አደጋ ነው፤ ለውሻና ለድመትም እንዲሁ። ሊጡን የዋጠ ልጅ ቢያስመልሰው፣ ብርቱ ጥም ቢይዘው፣ ቢፈዝ ወይም ቢያንቀጠቅጠው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

በሊጥ ፋንታ ጄሶን መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። ጄሶ ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ሲጠነክር ይግላል፤ በውስጡ የተያዘን እጅም ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ሲሚንቶም ቆዳን ይልጣል። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ልጅ ጨው ስለሚያንገበግበው እስኪድን ይጠብቅ። የአልኮል ማጽጃ ተቀጣጣይ በመሆኑ ወደ እሳት አይቅረብ።

ስጦታውን ስለማድረስ

ጌጡን የሚያደርሰው ሰው የሕመም ምልክት የሌለው ይሁን፤ ደጃፍ ላይ አኑሮ ቢያንስ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይራቅ። ተቀባዩም ስጦታውን ከያዘ በኋላ እጁን ይታጠብ። ወላጁ በለይቶ ማቆያ ወይም በሕክምና ማዕከል ላለ ልጅ ሁለት ጌጥ ማዘጋጀት ይመረጣል፤ ወደ ማዕከሉ የገባ ዕቃ ላይመለስ ይችላልና። ጌጡ በበረኪና ውኃ ሲወለወል ይሟሟል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በላዩ ሊወለወል በሚችል፣ በሚያሳይ ላስቲክ በደንብ ይሸፈን። ከመላኩ በፊትም የማዕከሉ ባለሙያዎች ፈቃድ ይጠየቅ።

ከልጁ ጋር ስለ መነጋገር

እጅ በሥራ ሲያዝ ልጅ የልቡን መናገር ይቀለዋል። ሊጡ በሚታሽበት ጊዜ አዋቂው ይበልጥ ያዳምጥ። ለልጁ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አጭርና እውነት ይሁን፦ በሽታ መኖሩ፣ አያቱ እንዳይታመሙ ሲባል መራራቅ እንዳስፈለገ፣ ጥፋቱም የእርሱ አለመሆኑ ይነገረው። «ነገ ትሄዳለህ» የሚል ተስፋ ቀኑ ካልታወቀ አይሰጥ፤ ያልተፈጸመ ቃል ልጁን ዳግመኛ ያሳዝነዋልና። የታመመው ሰው ሁኔታ ቢከብድም እውነቱ ለዕድሜው በሚመጥን ቃል ይነገረው እንጂ ጌጡ መደበቂያ አይሁን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልጁ ስጦታውን ለማን መላክ ይፈልጋል? ለምን?
2. እጅን ሲታጠቡ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የትኛው ክፍል ነው?
3. አያቶች ስጦታው ሲደርሳቸው ለልጁ ምን ዓይነት ምላሽ ቢልኩለት ይደሰታል?