ጌሙ የማን ነው?
በእጅ ስለሚያዝና በአካውንት ላይ ስለሚቀመጥ የጌም ስብስብ የቀረበ የጥናት ጽሑፍ

በማኅበራችን የውይይት ምሽቶች ደጋግሞ የሚነሣ፣ በተነሣም ቁጥር በሳቅ የሚታለፍ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የቪዲዮ ጌም በዲስክ መግዛት ይሻላል ወይስ ከኢንተርኔት አውርዶ በአካውንት ላይ ማስቀመጥ የሚለው ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን ነገሩ የልጆች ጨዋታ ስለሆነ ለጥናት ጽሑፍ አይበቃም ይላሉ። ይህ አመለካከት በእኔ ግምት የተሳሳተ ነው። ለምን ቢባል፣ ከጨዋታው በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ገንዘብ ከፍለን የምናገኘው ነገር ንብረታችን ነው ወይስ አይደለም የሚል ነውና። መልሱም ትምህርታችንን ጨርሰን አገራችን ስንገባ በእጃችን ምን እንደሚቀር ይወስናል። ጸሐፊው የሕክምና ተማሪ እንጂ የሕግ ሰው አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የምንኖርበትን ከተማ እንመልከት። በዑለያም ሆነ በሌሎች የሪያድ ሰፈሮች ባሉት የጀሪር መደብሮች የጌም ዲስክ በመደርደሪያ ተደርድሮ ይሸጣል። ያንኑ ጌም ደግሞ አልጋችን ላይ ተጋድመን በስጦታ ካርድ ከፕሌይስቴሽን የሳዑዲ ሱቅ ማውረድ እንችላለን። ሪያድ ግን ጌም የሚሸጥባት ከተማ ብቻ አይደለችም። የመንግሥቱ የኢንቨስትመንት ፈንድ ያቋቋመው ሳቪ የተባለው ኩባንያ በ2022 ኢኤስኤልንና ፌስኢትን በ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2023 ደግሞ ስኮፕሊን በ4.9 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል። የኢስፖርትስ የዓለም ዋንጫ በ2024 እና በ2025 ክረምት የተካሄደው እዚሁ ነው። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ፈንዱ ከሌሎች ሁለት ባለሀብቶች ጋር ሆኖ፣ የአገራችን ወጣት ሁሉ በእግር ኳስ ጌሙ የሚያውቀውን ኢኤ የተባለ ኩባንያ በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ስለዚህ ጌም ያለው ማን ነው ብሎ ለመጠየቅ ከሪያድ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። ዲስክ የገዛ ሰው ያገኘው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዕቃው ሲሆን፣ ሁለተኛው በዕቃው ላይ የማዘዝ መብት ነው። ሊሸጠው፣ ሊያውሰው፣ ለታናሽ ወንድሙ ሊሰጠው ይችላል። ይህ መብት ከጌም በፊት በመጻሕፍት ላይ የታወቀ ነው። በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቦብስ-ሜሪል የተባለ አሳታሚ በመጽሐፉ ላይ «ከዚህ ዋጋ በታች መሸጥ ክልክል ነው» ብሎ ስላተመ ብቻ ገዢውን ሊያስገድድ አይችልም ሲል ፈረደ። አሳታሚው አንድ ጊዜ ከሸጠ በኋላ በዚያ ቅጂ ላይ ያለው ሥልጣን ያበቃል ማለት ነው።

በአካውንት ላይ ያለው ጌም ግን እንዲህ አይደለም። «ግዛ» የሚለውን ቁልፍ ስንጫን የምናገኘው ዕቃ ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ ነው። ፈቃዱ በስማችን የተሰጠ ነው፤ አይሸጥም፣ ለሌላ አይተላለፍም። በፈረንሳይ አንድ የሸማቾች ማኅበር ስቲም የተባለው ሱቅ ደንበኞቹ ጌማቸውን መልሰው እንዲሸጡ እንዲፈቅድ ለዓመታት ቢከራከርም በኦክቶበር 2024 በመጨረሻው ፍርድ ቤት ተረታ። በካሊፎርኒያ ደግሞ በ2024 የወጣና ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የጸና ሕግ፣ ሻጮች «ግዛ» የሚለውን ቃል ሲጠቀሙ የሚሰጡት ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ እንዲነግሩ ያዛል። እኛ መድኃኒት ስናድል የሚያበቃበትን ቀን በካርቶኑ ላይ እናያለን። ፈቃድ ግን የሚያበቃበት ቀን አይጻፍበትም፤ ሰጪው ራሱም አያውቀውም።

ይህን ነገር ለመረዳት የአዲስ አበባን ጌም ቤቶች ማሰብ ይበቃል። ቀድሞ ጆተኒና ከረንቡላ ይዘውት የነበረውን ቦታ ዛሬ በብዙ ሰፈር ሁለት ሦስት ቴሌቪዥንና ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ያለበት ክፍል ይዞታል። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ በብዙው ቤት የተሸነፈ ይከፍላል። የሚጫወቱት ከሞላ ጎደል እግር ኳስ ነው። ኢኤ ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ጋር የነበረው ውል አብቅቶ በሴፕቴምበር 2023 «ኤፍሲ 24» የተባለውን ሲያወጣ፣ ከፊፋ 14 እስከ ፊፋ 23 ያሉትን ጌሞች በሙሉ ከኢንተርኔት ሱቆች አነሣቸው። አስቀድሞ የገዛ ሰው አሁንም ሊያወርዳቸው ይችላል። ያልገዛ ግን በማንኛውም ዋጋ አያገኛቸውም። ዲስኩ ግን ያው ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ በየሰፈሩ ይዞራል። ጌም ቤት የሚከፍተው ልጅ ከሪያድ የመጣ አንድ ያገለገለ ዲስክ ቢያገኝ ሥራ ይሠራበታል። ከሪያድ የመጣ የይለፍ ቃል ቢያገኝ ግን የሌላ ሰው አካውንት ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሠራው።

የአካውንት ነገር ከተነሣ፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ከሁሉ የከበደው ይህ ነው። ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ይህ ዝርዝር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የታየው በሜይ 2024 ነው። ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለው ጌም በኮምፒውተር ለሚጫወቱትም የፕሌይስቴሽን አካውንት ግዴታ ይሆናል ብሎ ካስታወቀ በኋላ፣ ጌሙ ከ170 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ተነሣ። የአካውንቱ ግዴታ በተጫዋቾች ተቃውሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢሻርም አገሮቹ ወዲያው ወደ ሽያጭ አልተመለሱም። ስለዚህ እዚህ የሚከፈት አካውንት የሳዑዲ አካውንት ነው፤ አገሩን በኋላ መቀየር ደግሞ ሶኒ ለረጅም ዓመታት ያልፈቀደው ነገር ነው። አዲስ አበባ ገብቶ በዚያ አካውንት ላይ አንድ ጌም ለመጨመር የሚፈልግ ሰው ሪያድ ያለ ዘመድ የስጦታ ካርድ ቁጥር እንዲልክለት ይለምናል።

ከዚህ የሚብሰው ግን የስልክ ቁጥሩ ነው። ሁላችንም የምንጠቀምበት ሲም ካርድ በኢቃማችን የተመዘገበ ነው። ኹሩጅ ኒሃኢ ተመትቶልን ስንወጣ ቁጥሩ ከእኛ ጋር አይሄድም። ብዙዎቻችን ደግሞ የአካውንቱን የማረጋገጫ መልእክት የምንቀበለው በዚያው ቁጥር፣ የኢሜይል አድራሻውም ከዩኒቨርሲቲ የተሰጠን ነው። ሁለቱም በአንድ ወር ውስጥ ሲዘጉ የአራትና የአምስት ዓመት ስብስብ የሚከፈትበት በር አይኖርም። ይህ የሚሆነው ማንም ክፉ አስቦ ሳይሆን፣ የአካውንት ሥርዓት የተሠራው አገርና ስልክ ለማይቀያይር ሰው ስለሆነ ነው። እንደ እኛ ላለ እንግዳ አልታሰበም።

ሁለተኛው ነገር ኢንተርኔት ነው። በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን የተባለውን ኮንሶል ሲያስተዋውቅ፣ መሣሪያው በ24 ሰዓት ቢያንስ አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት፣ አለዚያ የዲስክ ጌም እንኳ አይጫወትም የሚል ደንብ አወጣ። በተጠቃሚዎች ቁጣ በዚያው ዓመት ጁን ወር ላይ ደንቡን ሰረዘ። ይህ ደንብ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ በአገራችን ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አያስቸግርም። ትግራይ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ከግንኙነት መስመር ተቆርጣ ነበር። በአማራ ክልል ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በእነዚያ ወራት ባሕር ዳር ወይም ደሴ ላይ በሞባይል መስመር ብቻ ለሚጠቀም ወጣት፣ አስቀድሞ ያላወረደው ጌም እንዳልተገዛ ይቆጠር ነበር። የኛ ጉዳይ ከጌም የከፋ እንደሆነ ግን ማንም ያውቃል፤ መስመሩ ሲዘጋ ሐኪሙም የመድኃኒት መጠን የሚያይበት ገጽ አብሮ ይዘጋበታል።

እንግዲህ እስካሁን የተባለውን ያነበበ ሰው ጸሐፊው የዲስክ ጠበቃ ነው ሊል ይችላል። አይደለም። ዲስክ የማያልፍ ነገር አድርገው የሚያዩት ወገኖችም ተሳስተዋል። ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የተባለውን የመኪና ጌም ሰርቨር በማርች 31 ቀን 2024 ዘጋ። ጌሙ ያለ ሰርቨር ስለማይሠራ፣ ዲስኩን በእጁ የያዘውም ሰው የያዘው ፕላስቲክ ብቻ ሆኖ ቀረ። ይህ ድርጊት በአውሮፓ ትልቅ ንቅናቄ አስነሣ፤ ኩባንያዎች ጌም ሲያቆሙ መጫወት በሚቻልበት ሁኔታ እንዲተዉት የሚጠይቀው የዜጎች አቤቱታ በጁላይ 2025 ከ1 ሚሊዮን ፊርማ በላይ አገኘ። እንዲሁም በጁን 2025 ከወጣው ኒንቴንዶ ስዊች 2 ጋር ከሚሸጡት ካርዶች አንዳንዶቹ በውስጣቸው ጌሙ የለም። ካርዱ ቁልፍ ነው፤ ጌሙ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ሰርቨሩ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይገምት። ኒንቴንዶ የዊ ዩንና የ3ዲኤስን የኢንተርኔት ሱቆች በማርች 2023 ለሽያጭ እንደዘጋ የሚያስታውስ ሰው ግምቱ አይከብደውም።

ዲስክ ይጫራል፣ በሙቀት ይጣመማል። አገርም ይለያል። የፊልም ዲቪዲ ዓለምን በክልል ከፋፍሎ፣ ሳዑዲ ዓረቢያን በክልል 2፣ ኢትዮጵያን በክልል 5 ስለመደበ፣ ከዚህ የተገዛ ኦሪጂናል ፊልም አገር ቤት ባለ ማጫወቻ «አላውቅህም» ሲባል የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። በጌም በኩል ደግነቱ የፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ዲስኮች ይህ ገደብ የለባቸውም። ሆኖም በተጨማሪ የሚወርዱት ክፍሎች ከዲስኩ አገር ጋር መስማማት አለባቸው።

በዚህ ላይ አንድ የታሪክ ምሳሌ መጥቀስ እፈልጋለሁ። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የዘመኑን ድምፃውያን በሸክላ አሳተመ። በ1975 ከአገር ወጣ፤ ኩባንያውም ሥራውን አቆመ። ሸክላው ግን በገዢዎች ቤት መጫወቱን አላቆመም። የሻጭ መዘጋት የተሸጠውን አይዘጋም ነበርና። በሌላ በኩል ደግሞ፣ በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን በፊልም ገልብጦ፣ ቅጂዎቹ በአሜሪካ ሚኔሶታ ግዛት ኮሌጅቪል ውስጥም ይገኛሉ። ብራናው ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ጽሑፉ አይጠፋም። ስለዚህ ግዙፉ ነገርና ቅጂው ጠላቶች አይደሉም። ልዩነቱ ቅጂውን የመያዝና የመገልበጥ መብት በማን እጅ ነው የሚለው ላይ ነው። በጌም በኩል ይህ መብት ለቤተ መጻሕፍት እንኳ በጠባቡ ነው የተሰጠው። አንድ የጌም ታሪክ ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ቀደምት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ እንደማይገኙ አሳይቷል። የአገራችን ልጆች በ2018 ያወጡት «ኩኩሉ» ደግሞ የስልክ ጌም በመሆኑ ከመነሻው ዲስክ የለውም። የሚቀመጥበትን ቦታ ካሁኑ የሚያስብለት ሰው ያስፈልገዋል።

ወደ ራሳችን ሙያ ስንመጣ ነገሩ አንድ ነው። በዩኒቨርሲቲ የምናነባቸው የሕክምና መጻሕፍት አብዛኞቹ በኤሌክትሮኒክ ቤተ መጻሕፍት ያሉ ናቸው፤ የተማሪነት መታወቂያው ሲያበቃ መግቢያውም ያበቃል። ተከፍሎበት ስለተገዛ መጽሐፍም ቢሆን፣ በ2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት ከገዢዎች የኪንድል ማንበቢያ በሩቁ እንዳጠፋና ገንዘቡን እንደመለሰ ማስታወስ ይገባል። ስለዚህ የእኔ አቋም እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ ተጫውተን ወይም አንብበን የምንተወው በአካውንት ይሁን። ለሌላ ሰው የምናወርሰው፣ ወይም ጎንደር ሆስፒታል ሌሊት ተረኛ ሆነን የሚያስፈልገን ግን በእጅ ይያዝ። አንድ ዲስክ ከ16 ግራም አይበልጥም፤ ማሸጊያውን ከተዉት ሃያው ዲስክ አንድ የውስጥ ደዌ መጽሐፍ አያህልም። መጽሐፉን ግን አትተዉት።

በመጪው በጋ ለሚመለሱት አባላት ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ኹሩጁ ከመመታቱ በፊት የአካውንቱን ኢሜይል ወደ ግል አድራሻ፣ የማረጋገጫውን መንገድ ከሳዑዲ ቁጥር ወደ ማረጋገጫ መተግበሪያ ቀይሩ፤ መጠባበቂያ ኮዶቹንም በወረቀት ጻፉ። ያወረዳችሁት ጌም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ኮንሶሉን በአካውንቱ ላይ ዋና አድርጋችሁ መዝግቡ፤ ከዚያም መስመሩን አቋርጣችሁ እዚሁ ሞክሩት። ዲስክ ማጫወቻው ለብቻው የሚገጠምለትን አዲሱን ፕሌይስቴሽን 5 የገዛችሁ ደግሞ፣ ማጫወቻው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጠም በኢንተርኔት መመዝገብ ስላለበት፣ በካርቶኑ እንደታሸገ ይዛችሁት አትግቡ። ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 የምትገዙም ከሴፕቴምበር 2021 በፊት የነበረውን ሶፍትዌር እንዳትተዉበት፤ በዚያ ጊዜ የመጣው ዕድሳት የውስጥ ሰዓቱ ባትሪ ሲሞት ጌም የሚያግደውን ጉድለት ያስወገደ ነው።

ለማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በመሰብሰቢያ ክፍላችን ያለው ቁም ሣጥን አንዱ መደርደሪያ ተመራቂዎች ለሚተዉት ዲስክና የሕክምና መጽሐፍ ይሰጥ። የውሰት መዝገብ ይከፈትለት፤ ጊዜው ለጌም ሁለት ሳምንት፣ ለመጽሐፍ አንድ የትምህርት ወቅት ይሁን። መዝገቡን የሚይዘው ሰው በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ቢመረጥ፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ዲስኮችና አንድ የአናቶሚ አትላስ እኔ አስገባለሁ።