ከኮምቦልቻ እስከ ላሊበላ በአየርና በምድር

እኛ የመርሳና የወልድያ ልጆች በአይሮፕላን የሚመጣ ዘመድ ሲኖረን፣ የሚቀርቡን ማረፊያዎች ሁለት ናቸው፤ በስተ ደቡብ የኮምቦልቻው፣ በስተ ምዕራብ የላሊበላው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በክፍል በተማርነው ሒሳብ ላሳያችሁ።

ኮምቦልቻ በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 39 ዲግሪ ከ43 ደቂቃ ላይ ነው። የላሊበላው ማረፊያ 11 ዲግሪ ከ58 ደቂቃና 38 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ላይ ይገኛል። (ይህ ደቂቃ የሰዓት ደቂቃ አይደለም፤ የዲግሪ 60ኛ እጅ ነው። እኔም መጀመሪያ ተደናግሬበት ነበር።) እንግዲህ ልዩነቱ ወደ ሰሜን 53፣ ወደ ምዕራብ 44 ደቂቃ ነው። የኬክሮስ አንድ ደቂቃ 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ 98 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የኬንትሮስ መስመሮች ግን ወደ ዋልታ ሲሄዱ እየተቀራረቡ ስለሚመጡ፣ በእኛ አገር አንዱ ደቂቃ 1.81 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም 80 ኪሎ ሜትር ይሰጠናል። በፓይታጎረስ ደንብ 9,604 እና 6,400 ሲደመሩ 16,004 ይሆናሉ፤ የዚህ ዳግም ዘር 126.5 ነው። 127 ኪሎ ሜትር እንበለው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር የነበሩት የዳግላስ አይሮፕላኖች በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይበሩ ነበር፤ ለዚህ ርቀት 28 ደቂቃ ይበቃቸዋል። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ለሚበር 13 ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን መንደርደሩ፣ ሽቅብ መውጣቱና ለማረፍ መዞሩ ጊዜውን እጥፍ ያደርጉታል። በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ የሚሄድ መንገደኛ ደግሞ 253 እና 332፣ በድምሩ 585 ኪሎ ሜትር ይበራል።

ሒሳቡ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። አምና ወልድያ የነበሩት አያቴ ሲያርፉ፣ አጎቴ ከአዲስ አበባ ደውለው «አንተ የካርታ ተማሪ ነህ፤ የትኛው ይቀርበኛል?» አሉኝ። ማስመሪያዬን አነሣሁ። ከወልድያ ላሊበላ 69፣ ኮምቦልቻ 84 ኪሎ ሜትር ሆነ። «ላሊበላ ይውረዱ» አልኳቸው።

ማስመሪያዬ ተራራውን አላየም። ከላሊበላ ወልድያ የሚያመጣው መንገድ በጋሸና ዞሮ፣ ወደ 3,000 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከጋሸና ወልድያ ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከማረፊያው የሚነሡት መኪናዎችም እንግዳ ይዘው ወደ ላሊበላ ከተማ የሚወጡ እንጂ ወደ እኛ የሚመጡ አልነበሩም። አጎቴ መኪና ሲጠብቁ ዋሉ። ለቀስተኛው እስከ 9 ሰዓት ጠበቃቸው፤ ከዚያ በላይ ማቆየት አልተቻለም። ሲደርሱ መሽቶ ነበር። እናታቸውን አልቀበሩም። እኔን አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ከኮምቦልቻ ቢመጡ ኖሮ እስከ ደሴ 25፣ ከደሴ በውጫሌና በመርሳ በኩል እስከ ወልድያ 120፣ በድምሩ 145 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነበር፤ በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ መኪና አይጠፋም።

ዘንድሮ ለሙት ዓመቱ አጎቴ እንደገና ደወሉ። በዚህ ጊዜ ማስመሪያ አላነሣሁም፤ መናኸሪያ ሄጄ ሾፌሮችን ጠየቅሁ። በኮምቦልቻ ወረዱ፤ ለምሳም ደረሱ።