አዲስ ጎማ ከመግዛትህ በፊት፣ ወንድም ዓለም

ቆይ እስቲ፣ ብሩን ወደ ኪስህ መልሰው። ጎማ መግዛትህን አልጠላሁም። አሮጌው ለምን እንደተበላ ሳታውቅ አዲስ ብታስገባ ግን እሱንም ያው ነገር ይጨርሰዋል። መሪውን እስከ ጥጉ አዙርና ና፣ አጎንብሰህ የፊት ጎማዎቹን በመዳፍህ ዳብሳቸው። ቀስ ብለህ፣ ሆዴ፤ ሽቦው ወጥቶ ከሆነ እጅህን ይቆርጥሃል።

ሁለቱም ጠርዝ አልቆ መሃሉ ከተረፈ፣ ነፋስ ጎድሎት ነድተኸዋል። መሃሉ አልቆ ጠርዙ ከቀረ ነፋስ አብዝተህበታል። የውስጡ ጠርዝ ብቻ ወይም የውጩ ብቻ ከተላጠ ጎማው ከአናቱ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል፤ ካምበር የሚሉት ይኼንን ነው። መዳፍህ በአንድ በኩል ሲሄድ ለስልሶት፣ ሲመለስ እንደ መጋዝ ከቧጠጠው ደግሞ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ወደ ፊት አያዩም፤ ይኼኛው ቶ ይባላል። ከሁሉም ክፉው እሱ ነው። አንተ ቀጥ ብለህ የምትሄድ ይመስልሃል፤ ጎማው ግን መንገዱን ሁሉ ወደ ጎን እየተፋቀ ያልቃል። እዚህም እዚያም ጎርጎድ ጎርጎድ ብሎ ከተበላ አሞርዛቶሩን አስፈትሽ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ማታ ማታ ስልክህ ላይ የውድድር መኪና ስታይ እንደምታመሽ አውቃለሁ። ጎማቸው ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነበለ መሆኑን አይተህ «እኔም እንደዚያ ላስደርግ» ማለትህንም ሰምቻለሁ። ተው የኔ ጌታ! እነሱ ሁለትና ሦስት ዲግሪ የሚያዘነብሉት ለጥምዙ ብለው ነው። መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ውጭ ይጋደማል፤ ያዘነበለው ጎማ ያኔ ቀና ብሎ በሙሉ ገጹ መሬት ይይዛል። ባያዘነብሉት የውጩ ጠርዝ በጥቂት ዙር ተልጦ ይወጣ ነበር። አንተ ግን ከደብረ ወርቅ ቢቸና፣ ከቢቸና ደጀን ስትመላለስ አብዛኛውን ሰዓት ቀጥ ብለህ ነው የምትሄደው። ለውድድር ሜዳ የተሰናዳ ጎማ በዚህ መንገድ የውስጥ ጠርዙን ጨርሶ ይቀመጣል። ጥምዙን የምታገኘው ከደጀን ወደ ዓባይ ስትወርድ ነው፤ እዚያ የሚያስፈልግህ ደግሞ ቀስ ማለት ነው።

ውድድር ከወደድክ ይኼንንም እወቅ። በሰኔ 1997 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ 20 የፎርሙላ ዋን መኪኖች ቀርበው ነበር። አንድ ፈጣን ጥምዝ ላይ የሚሽለን ጎማ ጫናውን አልችል አለ፤ በልምምዱ ቀን መኪና ተጋጨ። በውድድሩ ዕለት ሚሽለን ያሰሩት 14ቱ መኪኖች አንዲት የማሟሟቂያ ዙር ዞረው ወደ ጋራዣቸው ገቡ፤ የተወዳደሩት ስድስት ብቻ ናቸው። ተመልካቹ በንዴት ጮኸባቸው፤ ይጩህ! ያ ሁሉ ገንዘብና መሐንዲስ ያለው ቡድን ያላመነውን ጎማ አልነዳም ካለ፣ አንተ ሽቦው በታየ ጎማ ዓባይ በረሃ ልትወርድ ነው?

ስትወርድ በከባድ ማርሽ ያዘው። ፍሬን ላይ ተኝተህ ከወረድክ ሙቀቱ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬውም ወደ ጎማው ይሄዳል። ነፋሱን ጠዋት፣ ሳትነዳ ለካ። ትክክለኛው ቁጥር በሹፌሩ በር አጠገብ ተለጥፏል፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ እሱን አትከተል። የዓባይ ድልድይ ጋ ወርደህ ለክተህ ከፍ ብሎ ብታገኘው እንዳታስተነፍሰው፣ አደራ። ጎማ 10 ዲግሪ ሲሞቅ ነፋሱ ወደ ሁለት ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ያስተነፈስከው ጎማ ጎሐ ጽዮን ወጥቶ ሲበርድ ጎደሎ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ካምበሩንና ቶውን ለማስተካከል አላይመንት ስታሠራ ቅደም ተከተሉን አትሳት። መጀመሪያ የላላ ነገር ይፈተሽ፦ ኩሽኔታው፣ የመሪው ዘንግ ጫፍ፣ ጎሚኒው። እነሱ ልል ሆነው የተስተካከለ አላይመንት ከሰፈር ሳትወጣ ይበላሻል። ከዚያ ነፋሱ ይስተካከል፤ ማሽኑ የመጨረሻ ነው። ከመሠራቱ በፊትና በኋላ የተለካውን ወረቀት ጠይቀህ ተቀበል፤ ስትጠይቅ አትፈር፣ የከፈልከው አንተ ነህ። ማሽን በሌለበት በገመድ የሚለካ መካኒክ ብታይም አትሳቅበት። በውድድር ሜዳም ቶውን በገመድ የሚለኩ አሉ፤ እጁ የታመነ ከሆነ ይበቃሃል። መሪው በፍጥነት ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ባላንስ እንጂ አላይመንት አይደለም፤ ሁለቱን አደባልቀህ ሁለቴ እንዳትከፍል።

ያገለገለ ጎማ እገዛለሁ ካልክ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች እይ። 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ደህና መስሎ ላስቲኩ የተሰነጣጠቀውን እንኳን በገንዘብ፣ በነፃም አትውሰድ።

በል፣ አሁን ጎሚስታው ጋ ሂድ። አስሮልህ ስትነሳም ቢቸና ላይ ቁምና ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጥብቃቸው።